በበዓል ቀን የሚወርደው ውሃ

ብልባላ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ባሕር ተሻግራ ለምትማረው ለእኅቴ ልጅ ለየሻረግ።

እንደምን ከረምሽ ልጄ? ያ የምትዪው በረዶ እንዴት አድርጎሻል? እኔ አጎትሽ ፈንታው ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ሰዉም ከብቱም ደህና ነው። ክረምቱ ዘንድሮ አልከፋም፤ ገብሱ ይዟል። ከዚያ ከክፉው ዘመን ወዲህ ሰው ከልቡ ሲስቅ የሰማሁት ገና አሁን ነው። ሂንድን ትናንት ከገበያ ስትመለስ አገኘኋትና ልጽፍልሽ መሆኑን ነገርኳት። «ሰላም በላት፤ ጡቴን የጠባችበት አፍ የአገሩን ቋንቋ እንዳይረሳ በላት» ብላለች። እናትሽ ሙሉሃብት፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አንቺን ወልዳ በታመመች ጊዜ ያጠባችሽ እሷ ናትና የማዘዝ መብት አላት። እንዳለችው ጽፌዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የውሃ አባት አድርገው ከመረጡኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የምንጩን ውሃ ለማን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቦይ እያልኩ ስከራከር መዋል ሆኗል ሥራዬ። አሁን ደግሞ ከላይ ትእዛዝ መጣ። አለሜ የሚባል ካድሬ ልከውልናል። ልጅ እግር ነው፤ ክፉም አይደለም፤ ወረቀት ግን ሲበዛ ይወዳል። ገበሬ ማኅበሩን ሰብስቦ «ይህ የውሃ ተራችሁ የባላባት ሥራ ነው፤ መሬት የነበረው ደጋግሞ ይጠጣል፣ ድሃው አንድ ጊዜ ቀምሶ ወር ሙሉ ይጠብቃል። ከእንግዲህ በማኅበሩ መዝገብ ስሙ ያለ አባወራ ሁሉ እኩል ይጠጣል» አለ። እኔም አጨበጨብኩ። በግድ አይደለም፤ እውነቱን ነው። እናትሽ ተራዋን ስትጠብቅ ድንቿ ስንት ጊዜ እንደደረቀባት አንቺም ታውቂያለሽ።

ችግሩ አዲሱን ተራ ማን ያውጣው ነው። እኔ ባወጣው ለዘመዱ አደላ ይሉኛል። አለሜ ቢያወጣው ምንጩ የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። ስለዚህ አንቺን አሰብኩ። ኮምፒዩተር የምትማሪ ልጅ ይህ ያቅትሻል? የአባወራዎቹን ዝርዝር አያይዤ ልኬልሻለሁ። ላይኞቹን ብቻ ነው የጻፍኩት። ታችኞቹን፣ እነ ሸዕባንን፣ አታስቢ። የሂንድ ባል ሸዕባንና ወንድሞቹ ቁልቁል ወርደው ነጭ ሽንኩርት እንደሚተክሉ ታስታውሻለሽ፤ እነሱ በድሮውም ሥርዓት ተራ የላቸውም። የሚደርሳቸውን ይጠጣሉ፤ መዝገባቸውም ከሌላ ማኅበር ነው።

ገንዘብ አልጠይቅሽም፤ ወረቀት ላኪልኝ። እመቤቴ ማርያም ከክፉ ትሰውርሽ።

አጎትሽ ፈንታው

* * *

ድሬስደን፣ ኅዳር 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአያ ፈንታው።

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን በቅቤ ማሸት እንዳይተዉ። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ብርዱንም ለምጄዋለሁ፣ ላስታ ያደገ ሰው ብርድ አያስደነግጠውም። ለሂንድ የአገሬ ቋንቋ አልጠፋብኝም፣ በሕልሜም የምናገረው እሱን ነው ይበሉልኝ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ከደስታ ብዛት ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። የምሠራው ሥራ ምን እንደሆነ ስንት ጊዜ ጠይቀውኝ ማስረዳት አቅቶኝ ነበር። አሁን ቃሉን እርስዎ ራስዎ ላኩልኝ። አጎቴ፣ ኮምፒዩተር አንድ ትልቅ ምንጭ ነው ይበሉ። እዚህ ያለው ማሽን አንድ ነው፤ ከእሱ የሚጠጣው ብዙ ነው። ፋብሪካው ሒሳቡን ይሠራበታል፣ የባቡሩ ሰዎች ሰሌዳቸውን ያወጡበታል፣ ሆስፒታሉም አለ። ማን መቼ እንደሚጠጣ፣ ማን ጠጥቶ ሲጨርስ ማን እንደሚገባ የሚያዝ አንድ ሥርዓት በማሽኑ ውስጥ አለ። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይሉታል። እኛ ብንሆን የውሃ አባት እንለው ነበር። እኔ ያለሁበት ቡድን አሮጌውን የውሃ አባት ሽሮ አዲስ እየሾመ ነው። አሮጌው ለትልልቆቹ ያደላል፤ አዲሱ ለተመዘገበው ሁሉ እኩል ያካፍላል። የማካፈያውን ክፍል እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። የእርስዎና የእኔ ሥራ አንድ ሆነ ማለት ነው!

ተራውን አውጥቼ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። በወር ሳይሆን በሳምንት አድርጌዋለሁ፤ ማንም አባወራ ወር ሙሉ አይጠብቅም። እያንዳንዱ እኩል ሰዓት አለው። ባዶ ቀን የለም፣ ባዶ ሰዓት የለም፣ አንድ ጠብታ ያለ ባለቤት አይፈስም። በዓል የሚባል ነገር አላስገባሁበትም፤ ካድሬው እንደማይወደው ገምቻለሁ፣ ለውሃውም ሰኞና ሚካኤል ልዩነት የለውም። ሰዓት ስለሚያስፈልግዎ የእጅ ሰዓት ወደ አገር በሚመለስ ተማሪ እልካለሁ። ሥርዓቱ እንዴት እንደሆነ ሳይዘገዩ ይጻፉልኝ፤ ለአለቃዬም ነግሬዋለሁ፣ እሱም በጉጉት ይጠብቃል።

ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝመው።

የእኅትዎ ልጅ የሻረግ

* * *

ብልባላ፣ ጥር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለተማረችው ልጃችን ለየሻረግ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን።

እኛ ደህና ነን። ወረቀትሽም ሰዓትሽም ደርሰዋል። ሰዓቱን በነጮቹ አቆጣጠር ሞልተሽ ልከሽው ኖሮ የመጀመሪያ ቀን ሰዉን ሁሉ አተራመስኩት፤ ኋላ በእኛው አስተካከልነው። አሁን በእጄ አስሬ ስሄድ ልጆች «የውሃ ሚኒስትር መጣ» ይሉኛል።

ሥርዓትሽ ሥራ ጀምሯል። አለሜ ወረቀቱን ባየ ጊዜ ፊቱ በራ፤ «ይህ ነው ሳይንስ» ብሎ ማኅተም መታበት። ድሮ ወር የሚጠብቁት አሁን በየሳምንቱ እየጠጡ ነው። ባልቴቶቹ ይመርቁሻል። ይህን የምልሽ ላስደስትሽ አይደለም፤ ያየሁትን ነው።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርሽ። ታኅሣሥ ገብርኤል መጣ። ቄሱ በገብርኤል ዶማ የሚያነሣ ሰው እንዳላይ አሉ። አለሜ ደግሞ በዓል እያላችሁ ተራ የምታሳልፉ ትቀጣላችሁ አለ። ሰዉ በሁለት ጌታ መሐል ሲጨነቅ ቆይቶ መላ አገኘ። በዋዜማው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ቦዩን ቆርጦ ውሃውን ወደ እርሻው ይመልሰዋል። በማግሥቱ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሲያስቀድስ ውሃው ብቻውን ሲያጠጣ ይውላል። ዶማ አልተነካ፣ ተራ አልተቃጠለ፤ ቄሱም ካድሬውም ዝም አሉ። አሁን በየበዓሉ እንዲሁ ሆኗል። ላስቴ መላ አያጣም መቼም። ገብሱ ግን ውሃ በዝቶበት ሥሩ ሳይበሰብስ አይቀርም።

ሌላ ወሬ የለም። ብርዱ ዘንድሮ ጠንቷል። በርትተሽ ተማሪ።

አጎትሽ ፈንታው

* * *

ድሬስደን፣ የካቲት 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአያ ፈንታው፣ ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩ። የሂንድን ሰላምታ ፈልጌ ነው። የለም። አገሬን ለቅቄ ከወጣሁ ጀምሮ የእሷ ቃል የሌለበት ደብዳቤ ጽፈውልኝ አያውቁም። ታማለች? ተጣልታችኋል? መልስ ስጠባበቅ እዚህ አንድ ነገር ደረሰብኝ፤ ልንገርዎ፣ ከዚያ እጠይቅዎታለሁ።

አዲሱ ሥርዓት በማሽኑ ላይ ተተከለ። በሳምንቱ ፍራው ሊንድነር የምትባል ሴትዮ ልታነጋግረን መጣች። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የወተት ማኅበር ጸሐፊ ናት። የእነሱ ፕሮግራም ትንሽ ናት፤ የትኛው መኪና የትኛው መንደር ሄዶ ወተት እንደሚጭን ሌሊት ሌሊት ታወጣለች። አሮጌው ሥርዓት ፋብሪካው ሥራ ሲያቆም የተረፈውን ጊዜ ዝም ብሎ ተሰልፎ ለሚጠብቅ ይለቅ ነበር። ማንም ይህን ሕግ ብሎ አልጻፈውም። አሮጌው አመሉ ነበር። የወተት ማኅበሩ ፕሮግራም በዚያ ተራፊ ለዓመታት ኖረች። አዲሱ ሥርዓት፣ እኔ የጻፍኩት፣ ምንም አያስተርፍም። የተመዘገበው ሁሉ እኩል ይካፈላል፤ ያልተመዘገበ ደጅ ያድራል። መኪኖቹ ወዴት እንደሚሄዱ ሳይታወቅ ነጋ፤ ወተቱ በየመንደሩ ተበላሸ።

ሴትዮዋን ምን አልኳት መሰለዎት? «ስማችሁ ከመዝገብ የለም። አሮጌው ሥርዓት ይህን ጊዜ እንሰጣችኋለን ብሎ ቃል አልገባላችሁም፤ ስለዚህ የነጠቅናችሁ ነገር የለም።» እሷም «ቃል አልገባም፤ ግን በየሌሊቱ ይሰጠን ነበር» ብላ ካፖርቷን ቆልፋ ወጣች። አለቃዬ በደንብ መለስሽላት አለኝ። እኔም በደንብ የመለስኩ መስሎኝ ነበር።

ማታ ትራም ውስጥ ተቀምጬ የእርስዎን ደብዳቤ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ያቺ የምታስቅ ያሏት ወሬ ላይ ስደርስ ሳቄ ጠፋ። አጎቴ፣ በቀጥታ ይመልሱልኝ። ድሮ ላይኞቹ በበዓል ዶማ በማይነኩበት ቀን፣ ቦዩን የሚቆርጥ ሰው በሌለበት ቀን፣ ውሃው ወዴት ይሄድ ነበር?

አይደብቁኝ። እያዘንኩም ቢሆን መስማት እፈልጋለሁ።

የሻረግ

* * *

ድሬስደን፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ ፈንታው።

ሰላምዎ ይብዛ። መልስ አልመጣም። መንገዱ ተዘግቶ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ ከዚያ ከወልድያ የመጣ የሌላ ተማሪ ደብዳቤ አየሁና መንገዱ እንዳልተዘጋ አወቅሁ። ስለዚህ ዝም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ዝምታዎን መልስ አድርጌ ወስጄዋለሁ። ውሃው ወደ ታች ይወርድ ነበር። ወደ ሸዕባንና ወደ ሂንድ ነጭ ሽንኩርት። ባዶ ቀን የለም ብዬ የፎከርኩት እኔ ነኝ፤ ያ ባዶ ቀን የእነሱ ቀን ነበር። ተራውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የምጠግነውም እኔ ነኝ። ነገር ግን ሳላውቅ ደግሜ እንዳልሰብር እዚያ ያለውን በሙሉ ይንገሩኝ። ምን ደረቀ? ሸዕባን ምን አለ? ሌላስ ማን አለ? አንድም ሳያስቀሩ ይጻፉ።

የሻረግ

* * *

ብልባላ፣ ግንቦት 1 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሻረግ። የልደታ ማርያም በረከት ይድረስሽ።

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ በእጄ ናቸው። የመጀመሪያው ከደረሰኝ ቆይቷል። ያስቀመጥኩት ማሰሮ ሥር ነው፤ እያለፍኩ እያየሁት ስንት ቀን ዋልኩ። አንቺ ልጅ ከዚያ ማዶ ሆነሽ እዚህ አጠገቤ ያለውን ቦይ ከእኔ ቀድመሽ አየሽው። ተናድጃለሁ። በአንቺ ነው በራሴ ነው፣ ገና አልለየሁትም።

እንዳልሽው ነው። በበዓል ውሃው ወደ ታች ይወርድ ነበር። በወር ውስጥ ስንት በዓል እንዳለን አንቺም ታውቂያለሽ፤ አቦ አለ፣ ሚካኤል አለ፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም። እኛ ስናስቀድስ እነሱ ያጠጣሉ። የሸዕባን አያት እርሻውን ያወጣው ይህን አይቶ ነው። እኛ ለእነሱ ብለን ያደረግነው ነገር አልነበረም፤ እነሱም አመሰግናለሁ ብለው አያውቁም፤ ውሃው ግን ይወርድ ነበር። የውሃ አባት ተብዬ ይህን ማየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በዓሉን እንደ እረፍት እንጂ እንደ ተራ አልቆጠርኩትም።

በየካቲት ሸዕባንን ቦዩ ዳር ተቀምጦ አገኘሁት። ነጭ ሽንኩርቱ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ቢጫ ሆኗል። 

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? ተራ ያልነበረኝ ሰው ተራዬን ነጠቃችሁኝ ብዬ ልክሰስ?» አለኝ።

«ውሃ አጣሁ ማለት ይበቃ ነበር።»

«ወላሂ ፈንታው፣ ጎረቤቶቼ በየሳምንቱ ሲጠጡ አይቼ ደስ ብሎኛል። የኔ ቀን የናንተ በዓል ነበር። አሁን በዓላችሁም ሥራ ሆነ። አላህ ያውቃል፤ እኔ ማንንም አልወቅስ።»

ቢሰድበኝ በተሻለኝ። አሁን ወደ ቆቦ፣ ወደ ሂንድ ወንድሞች፣ ሊወርድ አስቧል። ታላቁ ልጁ ከከብቶቹ ጋር ቀድሞ ሄዷል። «ነጭ ሽንኩርት ለመትከል እስከ ኅዳር ሚካኤል እጠብቃለሁ። በሚካኤል ውሃ ካልወረደ ሂንድን ይዤ እሄዳለሁ» ብሎኛል። እስላም ሆኖ በሚካኤል ይቆጥራል፤ ምን ያድርግ፣ ውሃው ያስለመደው ነው።

እኔም ዝም አላልኩም። በሚያዝያ ጊዮርጊስ ራሴ ወርጄ ቦዩን ወደ ታች ለቀቅሁት። በማግሥቱ ላይኞቹ ወረቀትሽን ይዘው መጡ። «ተራዬ ነው፤ ማኅተም አለበት» አሉኝ። እውነት ነው፤ አለበት። አለሜ ዘንድ ሄጄ በዓሉን ይመልሱልን ብዬ ብጠይቀው «የቅዱሳን ስም ያለበት ወረቀት ከምፈርም እጄ ይቆረጥ» አለኝ። ወደ ድሮው እንመለስ ብል ደግሞ እነዚያ ባልቴቶች ወር ሊጠብቁ ነው፤ ይህን ደግሞ እኔም አልፈልገውም።

ስለ ሂንድ ጠይቀሻል። አልታመመችም። ሰላምታዋንም አልነፈገችሽም። ጥር ላይ ስጽፍልሽ «ደህና ናት በላት፤ ሌላውን ተው፣ በሰው አገር አትጨነቅ፣ ሰላም በላት» ብላኝ ነበር። መጻፍ ያቃተኝ እኔ ነኝ። ሽንኩርቷ ሲጠወልግ እያየሁ፣ ከአንቺ ወረቀት እንዳይሆን ፈርቼ ምክንያቱን ሳልጠይቅ፣ ሂንድ ሰላም ብላሻለች የሚለውን እጄ እምቢ አለኝ።

ወረቀቱን የሠራሽው አንቺ ነሽ። አስተካክይው። አዲሱንም ሳያፈርስ፣ አሮጌውንም ሳይገድል፣ አለሜም የሚፈርመው አድርገሽ። ሰዓት፣ ልብስ፣ ምንም አትላኪ። ይህን ብቻ።

ፈንታው

* * *

ድሬስደን፣ ሰኔ 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ ፈንታው፣ እግዚአብሔር ብርታት ይስጥልኝ።

አልቅሼ ጨርሻለሁና ወደ ሥራው ልግባ።

አዲሱ ወረቀት ከዚህ ጋር አለ። የአባወራዎቹ እኩልነት አልተነካም፤ ማንም ወር አይጠብቅም። ነገር ግን በየወሩ አንዳንድ ቀኖችን ከተራው አውጥቻለሁ። በእነዚያ ቀኖች የላይኛው ቦይ በዋዜማው ይዘጋል፣ ውሃው ወደ ታች ይለቀቃል። ከጎናቸው «የታችኛው ቦይ ተራ» ተብሎ ተጽፏል። ከእንግዲህ ለእነ ሸዕባን ተራፊ የሚባል የለም፤ ተራ አላቸው፣ ማኅተም ይመታበታል። የቅዱስ ስም አንድም የለበትም። ቁጥር ብቻ ነው፤ 5፣ 12፣ 19፣ 21፣ 23፣ 27። አለሜ ከየት መጣ ብሎ ቢጠይቅ ከጀርመን ይበሉት፤ ከጀርመን ነው የመጣው። ላይኞቹ ቢያጉረመርሙ በእነዚያ ቀኖች ገብሳቸው ላይ ውሃ ተኝቶ መዋሉን ራሳቸው ያውቁታል። ጳጉሜን ላይ ምንም አልጻፍኩም፤ በጳጉሜን ውሃ የሚለምን ሰው ካለ ይጻፉልኝ።

አንድ ነገር ግን አደራ እልዎታለሁ። ወረቀቱን ከማስፈረምዎ በፊት ከምንጩ ተነሥተው ቦዩ እስከሚያልቅበት ድረስ በእግርዎ ይሂዱ። በመዝገብ ያለውን አይጠይቁ። እርጥብ መሬት ባዩበት ሁሉ ቆመው ማን እንደሚጠጣው ይጠይቁ። እኔ መጀመሪያ ይህን ልጠይቅዎት ይገባኝ ነበር።

እዚህም እንደዚሁ አደረግሁ። አሮጌው ሥርዓት ሲሠራ ማን ማን ተሰልፎ ይጠብቅ እንደነበር ከድሮ ወረቀቶች ለቅሜ አወጣሁ። የወተት ማኅበሩ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ለአለቃዬ የማካፈያውን ክፍል መልሼ ካልጻፍኩት በስተቀር ጨርሻለሁ ብዬ አልፈርምም አልኩት። «ለአንድ ወተት ቤት ብለን መላውን ሥርዓት እናዘግይ?» አለኝ። አዎን አልኩት። አሮጌው ቃል አልገባላቸውም አለኝ፤ እኔው ያልኩትን መልሶ ሰጠኝ። እኔም አሮጌው ቃል ገባም አልገባም፣ ለዋጮቹ እኛ ነን፤ በአሮጌው የኖረውን ሳናውቅ ማፍረስ መብታችን አይደለም አልኩት። ስብሰባ ጠራ፤ ሰዎቹ ተከራከሩ፣ እኔን የውጭ ተማሪ ናት ሊሉም ሞከሩ። አልተነቃነቅሁም። መጨረሻ ላይ ፈቀዱ። አሁን አዲሱ ሥርዓት ከእኩሉ ድርሻ በኋላ ለሚጠብቁት የሚለቅቀው የራሳቸው ሰዓት አለው፤ በሕግ ተጽፏል። ፍራው ሊንድነርን ደውዬ ነገርኳት። «መኪኖቹ ሲወጡ አምንሻለሁ» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ለሂንድ ምንም አይበሉልኝ። ውሃው ሲደርስ ያኔ ይንገሯት።

የሻረግ

* * *

ብልባላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሻረግ፣ የኅዳር ሚካኤል ክንፉ ይጋርድሽ።

ክረምቱ ሙሉ ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ዝም ማለቴ አይደለም። ነገሩ አልቆ ሳላይ ብዕር አላነሣም ብዬ ነው። አሁን አልቋል። አገሩም ሪፐብሊክ ሆኗል ብለውናል፤ ምንጩ ግን ያው ምንጭ ነው።

እንዳዘዝሽኝ ቦዩን በእግሬ ወረድኩት። ወገቤ ረገመሽ። በመዝገብ ያለውን ሁሉ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር፤ ለካ አላውቅም። ጫፉ ላይ፣ ውሃው ድንጋይ ውስጥ ገብቶ የሚጠፋበት ቦታ፣ መነኩሲቷ እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ጎመን አላቸው። ከድሮ ጀምሮ። «ይህን ማን ፈቀደልዎ?» አልኳቸው። «ማን ከለከለኝ?» አሉኝ። የእሳቸውን ጎመን ከእነ ሸዕባን ተራ ጋር አስገብቼዋለሁ።

ከዚያ ወረቀቱን ለአለሜ ሰጠሁት። ቁጥሮቹን ጣቱን እያስኬደ አነበበ። «አምስት፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ… ይህ ቁጥር ከምን መጣ?»

«ከጀርመን። ከኮምፒዩተር» አልኩት፤ ፊቴን እንደ ድንጋይ አድርጌ።

ረጅም ጊዜ አየኝ። እኔም አየሁት። ብዕሩን አነሣና ሊፈርም ሲል ቆም አለ። «አያ ፈንታው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ኮምፒዩተሩ ሃያ ዘጠኝን ረስቷል።» በራሱ እጅ 29 ብሎ ጨመረበትና ማኅተሙን መታ። የባለ እግዚአብሔርን ቀን! ከክፍሉ እስክወጣ ድረስ ሳቄን ያዝኩት፤ ውጭ ስደርስ ግን ግድግዳ ተደግፌ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። አንቺን በዓል ከምታከብር እናት ጋር ያደገ ካድሬ አሸነፈሽ።

ላይኞቹ አጉረመረሙ። ጉባኤ ጠርቼ «ቦዩን እየቆረጣችሁ ገብሳችሁን ስታበሰብሱ ማን ጠየቃችሁ? ከእንግዲህ በእነዚህ ቀኖች ያለው የሰው ተራ ነው፣ የሚነካ ቢኖር እኔን ይጋፈጥ» አልኳቸው። አንድ ሁለቱ እስካሁን ሰላም አይሉኝም። ይልመዱት።

ሸዕባን ዕቃውን አስሮ ነበር። አህያዋ ላይ ሊጭን ብቻ ቀርቶታል። ከትናንት በስቲያ፣ በሚካኤል፣ እኛ ከቅዳሴ ወጥተን በዳገቱ ስንወርድ ሁላችንም ቁልቁል አየን። ውሃው በቦዩ ወርዶ ሽንኩርት ሊተከልበት በታረሰው መሬት ላይ እየተኛ ነው። ሸዕባን ዶማውን ይዞ መሐሉ ቆሟል። አቅጣጫውን ለመመለስ እንኳ አልተንቀሳቀሰም፤ ዝም ብሎ ያየዋል። ቄሱ «ዛሬስ ሚካኤል የሁላችን ነው» አሉ። ጮክ ብለው ነው ያሉት፣ እንዲሰማ።

አምና የደረቀው አልተመለሰም፤ ይህን እንዳትረሺው። ታላቁ ልጅም ከቆቦ ገና አልመጣም። ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው አንድ ትንሽ ቋጠሮ ልከንልሻል፤ ወደ አንቺ ለሚመጡት ተማሪዎች አድርስልኝ ብዬዋለሁ።

ሂንድ አጠገቤ ተቀምጣለች። እንደምልህ ጻፍ፣ ከራስህ አትጨምር እያለችኝ ነው። «በቋጠሮው ውስጥ ያለው ነጭ ሽንኩርት የአምናው ነው፤ ውሃ ያጣው። ቀጫጭን ነው፤ ቀጭን ነው ብለሽ እንዳትጥይው፣ ልጠሽ ብዪው። የዘንድሮው ሲደርስ ወፍራም እልክልሻለሁ። ሰላም ብዬሻለሁ ልጄ» ብላለች።

ይኸው፣ ጻፍኩት።

አጎትሽ ፈንታው